ሣሩ አንድ ቦታ፣ ውሃው ሌላ ቦታ፦ የዋርዴርና የዶሎ ዞን ኑሮ ሲብራራ

በሶማሌ ክልል ድርቅ ገባ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ለምን ጉድጓድ አይቆፈርላቸውም? እንስሳቱ ከመሞታቸው በፊት ለምን አይሸጧቸውም? ለምንስ አንድ ቦታ ረግተው አይኖሩም? ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም። ዝናብ ሐምሌ ላይ በሚጥልበት፣ ወንዝ በየሸለቆው በሚወርድበት አገር ላደገ ሰው እንዲያውም ተገቢ ናቸው። ግን መሬቱን ሳያዩ የተሰጡ መልሶች ብዙ ጊዜ ገንዘብ አባክነዋል፤ አንዳንዴም ጉዳቱን አባብሰዋል።

ስለዚህ አንድ አካባቢ ይዘን እንየው። አካባቢው የዋርዴር ወረዳና ዙሪያዋ ያለው የዶሎ ዞን ነው። እዚያ ድርቅን አደጋ የሚያደርገው የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። ዝናብማ ድሮም ትንሽ ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው መንጋው ሣር ወዳለበት፣ ከሣሩ ወደ ውሃ፣ ከዚያም ወደ ገበያ መድረስ መቻሉ ነው። ይህ ጉዞ የተዘጋበት ዓመት መካከለኛ ድርቅም ይገድላል።

የትኛው ዶሎ?

መጀመሪያ አንድ ግርታ እናጥራ። ብዙ ሰው «ዶሎ» ሲባል ዶሎ አዶን ያስባል። ዶሎ አዶ በሊበን ዞን፣ ገናሌና ዳዋ ወንዞች በሚገናኙበት ጠረፍ ላይ ያለች፣ በስደተኛ ካምፖቿ የምትታወቅ ከተማ ናት። የዶሎ ዞን ሌላ ነው። የሚገኘው በክልሉ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የኢትዮጵያ ካርታ ሹል ሆኖ ወደ ሶማሊያ በሚገባበት በኩል ነው። ቀድሞ ዋርዴር ዞን ይባል ነበር። ዋና ከተማው አሁንም ዋርዴር ናት። ዳኖት፣ ቦክ፣ ገላዲ፣ ዳራቶሌ፣ ገልሃሙርና ሌሄል-ዩቁብ በዚሁ ዞን ያሉ ወረዳዎች ናቸው።

ርቀቱን ለመገመት ገላዲን እንውሰድ። በቀጥታ መስመር ቢለካ ከክልሉ ዋና ከተማ ከጅግጅጋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሶማሊያ በኩል ያለችው ጋልካዮ ግን 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ ትገኛለች። የገላዲ ሱቅ ውስጥ ያለው ሩዝና ስኳር ከየት እንደሚመጣ፣ ፍየሉም ወዴት እንደሚሄድ ይህ ብቻ ብዙ ይናገራል። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ወንዝ የሌለው አገር

ከጅግጅጋ ሜዳ ተነስቶ መሬቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዋርዴር ጋ ሲደረስ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል። ገደል የለም፤ ተራራ የለም። ቀይ አሸዋ፣ ግራርና ቁጥቋጦ፣ በመሃል በመሃል ደግሞ ሰፋፊ የሣር ሜዳ ነው። ይህ አካባቢ ሐውድ ተብሎ የሚጠራው ሰፊ ምድር አካል ነው። ሐውድ ከሐርሺንና ከአዋሬ ጀምሮ በዳኖት በኩል አልፎ ድንበሩን ተሻግሮ ይቀጥላል።

ዋቢ ሸበሌ በስተምዕራብ፣ በጎዴና በቀላፎ በኩል ነው የሚያልፈው። ዶሎን አይነካም። ፋፈንና ጀረር የሚባሉት የክረምት ወንዞችም ከጅግጅጋና ከደገሃቡር አካባቢ ተነስተው ወደ ደቡብ ይወርዱና አሸዋ ውስጥ ጠፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ ዞኑ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለውም። የጣለው ዝናብ በሸክላማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ይጠራቀማል። የቀረው ወደ አሸዋው ይሰርጋል ወይም ይተናል።

«ታዲያ ለምን አይቆፈርም?» ይባላል። ይቆፈራል። ግን በሐውድ ሰፊ ክፍል የከርሰ ምድር ውሃው በጣም ጥልቅ ነው። ዓለቱም በቦታው ጂፕሰም የሚባለውን ማዕድን ስለያዘ የሚወጣው ውሃ አንዳንዴ ጨዋማና መራራ ይሆናል። ግመል ሊጠጣው ይችላል፤ ሕፃንን ግን ያሳምማል። ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ፓምፕ፣ ጀነሬተር፣ ናፍጣና ጥገና ይፈልጋል። ጀነሬተሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሥራ በሚበዛበት፣ ማለትም ድርቁ በከፋበት ሰዓት ነው። ያኔ በዚያ ጉድጓድ ተማምኖ የተሰበሰበው መንጋ ሁሉ መሄጃ ያጣል።

ኤልኒኖ ሲባል ሁሉም ቦታ ድርቅ ነው ማለት አይደለም

የዶሎ የዝናብ ወቅቶች ከደጋው ጋር አይገጥሙም። ዋናው ዝናብ ጉ ይባላል። ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ይጥላል። ሁለተኛው ደይር ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። በሁለቱ መሃል ያለው ሐጋ ደረቅና ነፋሻ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ዝናብ ስትታጠብ ዋርዴር አቧራ ላይ ናት። ከታኅሣሥ ወዲህ እስከ ጉ ድረስ ያለው ጂላል ደግሞ የዓመቱ ከባዱ ጊዜ ነው። ሰውም እንስሳም የሚከሳው ያኔ ነው።

በዜና ላይ የሚፈጠረው ትልቁ ስህተት ከዚህ ይጀምራል። ኤልኒኖ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚፈጠር የአየር ሁኔታ ነው። በደጋው የክረምቱን ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በደቡብ ምሥራቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደይርን ዝናብ ያጠነክራል። የተገላቢጦሹ ላኒና ነው። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ ደጋው ጥሩ ክረምት ሊያገኝ ይችላል፤ ዶሎ ግን ደይሩን ያጣል። የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ምዕራባዊው ክፍል ሲቀዘቅዝ ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚገባው እርጥበት ይቀንሳል።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኖ ደጋውንና የሶማሌ ክልልን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሲቲ ዞንን ሲያደርቅ ዶሎ የዚያ ድርቅ ማዕከል አልነበረም። ዶሎ የተመታው በቀጣዩ ዙር ነው። የ2016 ደይር ከሸፈ፤ የ2017 ጉም ደካማ ሆነ። በዚያ ዓመት በዞኑ አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተሠራጨ። እንስሳቱ ያለቁባቸው ቤተሰቦች በየመንገዱ ዳር መጠለያ ሠርተው ተቀመጡ። በአካባቢው ይሠራ የነበረው ድንበር የለሽ ሐኪሞችም የሕፃናት የምግብ እጥረት በከፍተኛ ደረጃ መጨመሩን አሳወቀ። በአዲስ አበባ ግን «የኤልኒኖው ድርቅ አልፏል» ይባል ነበር። ለደጋው እውነት ነው።

ከዚያ ደግሞ ላኒና ሦስት ዓመት ተደራርቦ መጣ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። በአፍሪካ ቀንድ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ የተባለው እሱ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ። አንድ ወቅት ሲከሽፍ ወተቱ ይቀንሳል። ሁለት ሲከሽፍ ፍየልና በጉ ይሞታል። አምስት ሲከሽፍ ግመልም አይተርፍም።

ከወልወል ጉድጓድ እስከ ቢርካ

የወልወልን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. እዚያ የተነሳው ግጭት ለፋሽስት ጣሊያን ወረራ ሰበብ ሆነ። ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱበት። ወልወል የምትገኘው እዚሁ ዋርዴር አካባቢ ነው። የታሪክ ትምህርታችን የሚያልፈው ነገር ግን ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930 መጥተው ለምን እዚያ ምሽግ እንደሠሩ ነው። ምክንያቱ ውሃ ነው። ወልወልና ዋርዴር በሰው እጅ የተቆፈሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ዙሪያውን በዚያ ሁሉ ርቀት ሌላ አስተማማኝ ውሃ አልነበረም። በጂላል ጊዜ ጉድጓዶቹን የያዘ አካል በዙሪያው ያለውን ሰውና መንጋ ሁሉ ያዘ ማለት ነው።

የድሮው አጠቃቀም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነበር። ዝናብ ሲጥል መንጋው ከጉድጓዶቹ ርቆ ወደ ሐውድ ሜዳ ይበተናል። እዚያ ቋሚ ውሃ የለም። ግን ባሊ የሚባለው የተፈጥሮ ኩሬ ሞልቷል፤ ቅጠሉም ራሱ እርጥበት አለው። ኩሬው ሲደርቅ መንጋው ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። የሜዳው ሣር ያኔ ያርፋል። ውሃ አለመኖሩ ነበር ሣሩን የሚጠብቀው። ይህንን ያልተረዳ የልማት ዕቅድ ሁሉ ሐውድ ላይ ሲወድቅ ታይቷል።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢርካ መጣ። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን፣ የዝናብ ጎርፍ የሚያጠራቅም አራት ማዕዘን ገንዳ ነው። ትነትን ለመቀነስ አንዳንዶቹ በእንጨትና በቅርንጫፍ ይሸፈናሉ። የሚሠራው ብዙ ጊዜ አቅም ያለው ቤተሰብ ነው፤ ውሃውም በደረቅ ወራት ይሸጣል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ሰው ሣር ባለበት ሜዳ ዓመቱን ሙሉ መቆየት ቻለ። በቢርካዎቹ ዙሪያ መንደሮች ተመሠረቱ። ዳኖትና አካባቢዋ ያለ ቢርካ ዛሬ ያላቸውን መልክ ባልያዙም ነበር።

ዋጋው ግን በኋላ መጣ። ድሮ በደረቅ ወራት ያርፍ የነበረው ሣር ዕረፍት አጣ። በመንደሩ ዙሪያ ያለው መሬት ተራቆተ። ቢርካ የቆፈረ ሰው ዙሪያውን ያለውን ግጦሽ እንደራሱ ማየት ጀመረ። በሐርሺን በኩል ደግሞ የግጦሽ መሬትን በእሾህ አጥሮ ለግል መያዝ ተስፋፋ። ከዚህ የሚነሳውን ጠብ የሚዳኘው በዋናነት ሄር የሚባለው ባህላዊ ሕግና የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ሄር ካሳን፣ የውሃ ተራንና የእንግዳ መንጋን መብት የሚደነግግ፣ በጎሳዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። የእንግዳ መንጋ መብት የሚለውን ልብ በሉት። ዘንድሮ የእኔ ሜዳ ዘንቦ የአንተ ካልዘነበ አስገባሃለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእኔ ይሆናል። የግል ቢርካና አጥር ሲበዛ ይህ ስምምነት ይላላል።

ዝናብ ካልጣለ ቢርካው ባዶ ገንዳ ነው። ያኔ ቦቴ ይመጣል። ውሃ በቦቴ ከሩቅ ጉድጓድ ተጭኖ ቢርካ ውስጥ ይገለበጣል። አንዳንዴ መንግሥት ወይም ረድኤት ድርጅት ይከፍላል። አንዳንዴ ነጋዴው በዱቤ ሰጥቶ ዝናብ ሲመጣ በፍየል ይቀበላል። የቦቴ ውሃ የሰው ሕይወት ያድናል፤ በዚያ ክርክር የለም። ሆኖም ሣር ባለቀበት ቦታ ላይ ውሃ ማምጣት መንጋውን እዚያው አስሮ ያስቀረዋል። በውሃ ጥም ሊሞት የነበረው እንስሳ በረሃብ ይሞታል።

መንጋው ለምን ይከፋፈላል?

አንድ የዶሎ አርብቶ አደር ቤተሰብ አንድ ቦታ ላይ ያለ ቤተሰብ አይደለም። ግመሎቹ ከወጣት ወንዶች ጋር ርቀው ይሄዳሉ። ግመል በደረቅ ወቅት እንኳ ውሃ ሳይጠጣ ከአንድ ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ቅጠሉ ለምለም ሲሆን ደግሞ ለሳምንታት ውሃ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ከጉድጓድ ርቆ ያለውን ግጦሽ መጠቀም የሚችል እሱ ብቻ ነው። ፍየልና በግ ግን በየሦስት አራት ቀኑ መጠጣት አለባቸው። እነሱ ከእናቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ወደ ውሃው ቀረብ ብለው ይቆያሉ። ላም የበለጠ ውሃ ትፈልጋለች። በዚህ ዞን ከግመልና ከፍየል ጋር ስትነፃፀር ቁጥሯ ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው።

ቤቱ ራሱ ለጉዞ የተሠራ ነው። አቃል የሚባለው ጎጆ ከጎበጠ እንጨትና ከተሸመነ ምንጣፍ ይሠራል። የሚሸምኑትም፣ የሚያቆሙትም፣ የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። ሲፈርስ በግመል ይጫናል። ውሃ ቀድተው የሚመጡትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የውሃው ርቀት በጨመረ ቁጥር የሥራው ጫና የሚያርፈው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። ቢርካ ወይም ጉድጓድ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ስብሰባ ላይ ግን በብዛት የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው።

ምግቡም ከውጭ እንደሚታሰበው ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም። ወተት የዝናብ ወቅት ምግብ ነው። በቀረው ጊዜ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ይገዛል። ፍየል ተሽጦ ሩዝ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ ዋናው የኢኮኖሚ መለኪያ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ሩዝ ያመጣል የሚለው ነው። ድርቅ ሲመጣ ፍየሉ ይከሳል፤ ሁሉም ሰው አብሮ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ሩዙ ደግሞ ይወደዳል። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም በኩል ይመታል። ረሃብ የሚገባው ሱቁ ባዶ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ሱቁ ሞልቶ ፍየሉ ዋጋ ሲያጣ ነው።

«ለምን ቀድመው አይሸጡም?»

በጥያቄው ውስጥ «እንስሳ ማከማቸት ይወዳሉ» የሚል ግምት አለ። ግምቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ግመል ክብር ነው፤ ጥሎሽ ነው፤ ካሳ ነው። ይሁን እንጂ ባለመሸጥ ውስጥ ቀዝቃዛ ስሌትም አለ።

የሚሸጠው በዋናነት ወንዱ ነው። ሴቷ ከተሸጠች ከድርቁ በኋላ መንጋው ከየት ይነሳል? ግመል የምታረግዘው 13 ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዋን ግልገል የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላት ነው። ስለዚህ የጠፋ የግመል መንጋ ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ፍየል በጥቂት ዓመት ታገግማለች። በዶሎ ሁለት ከባድ ድርቆች፣ የ2017ቱና የ2020ዎቹ፣ በሦስትና በአራት ዓመት ልዩነት መጡ። ፍየሉ ያገግማል ሲባል ሁለተኛው ደረሰ። ግመሉማ ገና አልጀመረም ነበር።

ሌላው የመረጃ ጉዳይ ነው። ጉ የሚከሽፍ መሆኑ በሚያዝያ መጀመሪያ በእርግጠኝነት አይታወቅም። መከሸፉ ሲታወቅ እንስሳው ከስቷል፤ ገዢም ጠፍቷል። ቀድሞ የሸጠ ሰው ዝናብ ከመጣ ይቆጨዋል። ገንዘቡንም የሚያስቀምጥበት ቦታ ችግር ነው። ሄሎ ካሽ የሚባለው የሞባይል ገንዘብና ከማይክሮፋይናንስ ወደ ባንክ ያደገው ሸበሌ ባንክ በክልሉ ይህን በመጠኑ ለውጠዋል። ሆኖም ኔትወርክ በማይደርስበት የግመል ካምፕ ያለ ሰው አሁንም ባንኩ መንጋው ነው። የዋጋ ንረት ብርን እንዴት እንደሚበላ ላየ ሰው ይህ ሞኝነት አይመስልም።

የሳተላይት መድንም ተሞክሯል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከክልሉ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ጀመረው። ሳተላይቱ የመሬቱን አረንጓዴነት ይለካል። ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ እንስሳው ሳይሞት ገንዘብ ይከፈላል፤ መኖና ውሃ እንዲገዛበት ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ድክመቱም እዚያው አለ። ሳተላይቱ ቁጥቋጦው አረንጓዴ ሆኖ ሣሩ ያለቀበትን ቦታ ሁልጊዜ አይለይም። ክፍያው ደርሶም የሚገዛ መኖ ገበያው ላይ ከሌለ ብሩ ሩዝ ይሆናል እንጂ እንስሳውን አያድንም።

ድንበሩ፣ ኮንትሮባንዱና ገበያው

የዶሎ ፍየልና ጥቁር ራስ በግ ወደ ጋልካዮና ወደ ቡርኦ ይነዳል። ከዚያ በቦሳሶ ወይም በበርበራ ወደብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ይጫናል። በተመለሰው መኪና ሩዝ፣ ስኳርና ልብስ ይገባል። በኢትዮጵያ ሕግ ከተፈቀደው የጠረፍ ንግድ መጠን ያለፈው ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው።

ሁለት አመለካከቶች እዚህ ይጋጫሉ። መንግሥት በዚህ ንግድ የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ ያጣል። የኢትዮጵያ እንስሳ የሌላ አገር ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል መንገዱ ቢዘጋ ዶሎ እንስሳዋን ወደ መሃል አገር መላክ አትችልም። ርቀቱ ረጅም ነው፤ የመሃል አገር ገበያም የፈለገው ይህንን በግ አይደለም። ገዢውም፣ ዱቤ ሰጪውም፣ ዘመዱም ያለው በወደቦቹ በኩል ነው። በእኔ እይታ ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብዳል። የታክስ ኪሳራ በሌላ መንገድ ሊካካስ ይችላል። የተዘጋ ገበያ ግን በድርቅ ዓመት የሚካካስበት መንገድ የለም።

ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) አቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ጥቃት ካደረሰ በኋላ ዋርዴርን ጨምሮ በአምስት ዞኖች ንግድና የመኪና እንቅስቃሴ ታግዶ ነበር። መንግሥት ምክንያቱ ጸጥታ ነው አለ። የመብት ድርጅቶች ደግሞ ሲቪሉ ሕዝብ ተጎዳ አሉ። ፍየል መውጫ፣ ሩዝ መግቢያ ሲያጣ ዋጋው ልክ እንደ ድርቅ ተዛባ። ኦብነግና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 አስመራ ላይ ከተስማሙ በኋላ መንገዱ ይበልጥ ተከፈተ። የ2020ዎቹ ድርቅ በዝናብ ረገድ እጅግ የከፋ ሆኖ ሳለ ሰው እንደ ድሮዎቹ ድርቆች በገፍ ያልረገፈበት አንዱ ምክንያት ገበያውና መንገዱ ክፍት መሆናቸው ይመስለኛል። ሴፍቲኔትና ዕርዳታም ድርሻ አላቸው።

የባሕር ማዶ ገዢም በሩን ይዘጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን፣ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ፈርታ ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከቀንዱ የሚሄዱ እንስሳትን አገደች። ያ እገዳ ዋርዴር ላይ ምንም ዝናብ ሳይጎድል ድህነት አመጣ። የእንስሳት ክትባትና የጤና ምስክር ወረቀት እዚያ ከጉድጓድ ያላነሰ የድርቅ መከላከያ ነው። በጀት ሲያዝ ግን መጨረሻ ላይ ይታሰባል።

ይስፈሩ ወይስ ይንቀሳቀሱ?

ይስፈሩ የሚሉት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግመል አይከተልም። ክትባት ያልደረሰው ሕፃን ብዙ ነው፤ በዶሎ ኩፍኝ እየተመላለሰ ይነሳል። የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ መሬቱ ግን አልሰፋም። ከእያንዳንዱ ድርቅ በኋላ ወደ መንጋ የማይመለሱ ቤተሰቦችም አሉ። የክልሉ መንግሥት ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በርካታ ቤተሰቦችን በመንደር ሲያሰባስብ ይህ ነበር ምክንያቱ።

ችግሩ ያ ዕቅድ የተመሠረተው በዋናነት በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ ላይ መሆኑ ነው። እዚያ መስኖ አለ። ዶሎ ውስጥ መንደር ቢሠራ ሰዉ ምን አርሶ ይበላል? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የኢጋድ አባል አገራት ሚኒስትሮችም እ.ኤ.አ. በ2020 መንጋ ድንበር ተሻግሮ የሚንቀሳቀስበትን ፕሮቶኮል ደግፈዋል። ወረቀቱ አለ። በጠረፍ ኬላ ላይ ያለው ወታደር አንብቦታል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

በእርግጥ ሰዎቹ ጥያቄውን ራሳቸው መልሰውታል። ቤተሰቡ ይከፈላል። አንዱ ልጅ ዋርዴር ከተማ ከአክስቱ ጋር ሆኖ ይማራል። ሌላው ከግመሎቹ ጋር ነው። አንዷ ሴት ልጅ ሱቅ ከፍታለች። ሌላው ወንድም ውጭ ሆኖ ገንዘብ ይልካል። ከተማው ወተትና ሥጋ ከመንጋው ያገኛል፤ መንጋው ደግሞ ከከተማው ሩዝና ብር። አገልግሎቱም በዚህ መልክ ሲቀረጽ ይሠራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዶሎ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ ተገኝተው ሻይ እየጠጡ ስለ ጤና የሚወያዩ ቡድኖች አሰማርቶ ነበር። የታመመ ሕፃን የት እንዳለ፣ የትኛው መንደር እንደተነሳ ቶሎ የሚሰማው በዚያ ነው። ከቋሚ ክሊኒክ ይልቅ ተንቀሳቃሽ ቡድን፣ ከትልቅ ትምህርት ቤት ይልቅ አዳሪ ማረፊያ ያለው ትምህርት ቤት እዚህ ያዋጣል።

አስተዳደሩ ግን አሁንም የሚያስበው በቀበሌ ነው። በጀት፣ ዕርዳታና መድኃኒት የሚመደበው በሕዝብ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2007 ከተደረገው ቆጠራ ነው። ያኔ የክልሉ ሕዝብ 4.4 ሚሊዮን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ዝናብ ተከትሎ ከወረዳ ወረዳ፣ ከአገር አገር የሚሻገር ሰው በዚህ ቀመር ውስጥ የት እንደሚመዘገብ ግልጽ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከድንበሩ ማዶ ባለችው ላስ አኖድ ከተማ ላይ ጦርነት ሲነሳ ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው ወደ ዶሎ ዞን ተሰደደ። የተቀበሏቸው የቦክ፣ የዳኖትና የገልሃሙር ነዋሪዎች ከአምስተኛው የከሸፈ ወቅት ገና እየወጡ ነበር። አብዛኛው ስደተኛ መጀመሪያ የተጠጋው በዘመድ ቤት ነው። የዘመድ መተጋገዝ ኃይሉ የታየበት ነው፤ ዕዳውም የሚቆይ ነው። ቢርካውን ከስደተኛ ጋር የተጋራ ቤተሰብ ለቀጣዩ ጂላል የሚያስቀምጠው ውሃ ያንሳል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚቀጥለው ድርቅ የሚነሳው ከዜሮ አይደለም። ካለፈው ከተረፈው ዕዳ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር የሐጅ ቀን ነው። ከዓመቱ ትልቁ የበግና የፍየል ሽያጭ ለሐጅ መሥዋዕት የሚላከው ነው። የሐጅ ቀን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። በአሁኑ ጊዜ ግንቦት ላይ ነው የሚውለው። ጉ በጊዜው ከጣለ እንስሳው ለምለም በልቶ ወፍሮ ለገበያ ይደርሳል ማለት ነው። በ2030ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ግን ሐጅ ወደ መጋቢት ይጠጋል። ያ የጂላል መጨረሻ ነው። መንጋው በዓመቱ ውስጥ በጣም የሚከሳበት ወር ከትልቁ ገበያ ጋር ይገጥማል። ያኔ የዋርዴር በግ ዋጋ እንዲያወጣ መኖ ተገዝቶ መቀለብ ይኖርበታል። መኖው ከዋቢ ሸበሌ መስኖ ይመጣል ቢባል እንኳ በምን መንገድ፣ በምን ዋጋ፣ በማን ዱቤ የሚለው ከአሁኑ መታሰብ ያለበት ነው፤ የቀረው ጊዜ ከጥቂት ዓመታት አይበልጥም።